ኖራው ግን የት ሄደ?

ቦይለራችን ላይ ኖራ እንዳይጋገር የሚከለክል ኬሚካል ሊሸጥልን የመጣው ሰው ብዙ አላወራም፤ መጀመሪያ ያስገረመኝ እሱ ነው። የኬሚካል ሻጭ ሲባል ገና ከጥበቃው በር ጀምሮ ብሮሹር የሚያድልና ስለ ውጭ ቴክኖሎጂ የሚሰብክ ሰው ነው የለመድነው። ይኼኛው ሁለት ቢከር፣ የላቦራቶሪ ብርጭቆ፣ አስመጣና ከፋብሪካችን ጓሮ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ እኩል እኩል ሞላባቸው። በአንደኛው ላይ ከትንሽ ቡናማ ጠርሙስ በፒፔት ጥቂት ጠብ ጠብ አደረገበት። ሁለቱንም ሆት ፕሌት ላይ ጣዳቸውና «በሉ ሻይ ጠጥተን እንምጣ» አለን።

ስንመለስ ያልተነካው ውሃ ደፍርሷል። የቢከሩ ግድግዳና ታቹ ነጭ ቅርፊት ይዟል፤ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሁሉ ከማንቆርቆሪያው ሆድ የሚያውቀው ቅርፊት። ጠብታው የገባበት ግን ልክ እንደተቀዳ ኩልል እንዳለ ይፈላል። የግዢ ክፍሉ ሰው ወዲያው ዋጋ ጠየቀ። እኔ ዝም ብዬ አያለሁ። ዕድሜውን ከቦይለር ጋር የጨረሰው ኦፕሬተራችን ግን ወደ ንጹሁ ቢከር ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ ቀና አለና፣ «እሺ፣ ኖራው ግን የት ሄደ?» አለ።

«ኬሚካሉ ይዞታል» አለ ሻጩ።

«ይዞስ?»

ሻጩ ሳቀ፣ የግዢው ሰውም ሳቀ፣ ወደ ዋጋው ተመለሱ። ኦፕሬተሩ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ የተማርከው፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። ሁልጊዜ «የተማረ ይግደለኝ» እያለ የሚያሾፍብኝ ሰው ነው። (ድሬ አንቱታ የለም። አባቴን የሚያክለውን ሰው እኔም «አንተ» ነው የምለው፤ ድፍረት የሚመስለው ለእንግዳ ጆሮ ብቻ ነው።) ያን ቀን «ሄጄ አይቼ እነግርሃለሁ» አልኩት። ግዢው ተፈጸመ፣ ጀሪካኖቹ መጡ፣ ዶዚንግ ፓምፑ ተተከለ። ጥያቄው ግን ከራሴ አልወጣ አለ።

ከደንገጎ የወረደው

ስለ ድሬ ውሃ ለድሬ ልጅ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሌላው አንባቢ እንዳይጠፋብኝ ብቻ ላሳጥረው። ተራራው ላይ፣ ደንገጎ አካባቢ፣ የሚዘንበው ዝናብ አፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጣና በትንሹ አሲድ ይሆናል። ከዚያ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቅ እየተሽሎከለከ፣ ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ያለው እዚያው ድንጋይ ውስጥ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ ድሬ ላይ የተተከለውም ለእሱ ሲባል ነው። ሳቢያን ላይ ጉድጓድ ቆፍረን የምንቀዳው የሟሟ ተራራ ነው ብል አላጋነንኩም።

ውሃውን ስናሞቀው የተራራው ሥራ ወደ ኋላ ይዞራል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ የሟሟው ካልሲየም ባይካርቦኔት ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። አብዛኛው ጨው ውሃው በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ሲሟሟ፣ ይኼኛው ይብስ እየወጣ ይሄዳል። የሚወጣው ደግሞ በጣም በሞቀው ቦታ ላይ ነው፤ ማለትም ልክ ሙቀት እንዲያልፍበት በምንፈልገው ቱቦ ገጽ ላይ። ከብረት ጋር ሲተያይ ቅርፊቱ (በእኛ ሙያ ስኬል ይባላል) ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ሃያ እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ከሆነ ከዚያም ይብሳል። አንድ ሚሊ ሜትር ስኬል ቱቦው ላይ ሲያድር የቱቦው ግድግዳ በሁለት ሳንቲ ሜትር ብረት እንደወፈረ ቁጠሩት። ናፍጣው የሚነደው እሱን ለማሞቅ ነው።

ማስለቀቁን የሠራ ያውቀዋል። አሲድ ይዘዋወርበታል፣ አረፋ ይገነፍላል፣ አሲዱ ያልደረሰበት ቦታ በመሮና በመዶሻ ይፈነቀላል፣ አንዳንዱ ቱቦ አብሮ ይሄዳል። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል የሚባለው ለዚህ ይመስለኛል። ስለዚህ ሳይጋገር የሚከለክል ነገር መጣ ሲባል የግዢው ሰው ለዋጋው መቸኮሉ አይፈረድበትም።

ሒሳቡ አልመጣ አለ

«ይዞታል» የሚለውን የሻጩን ቃል በወረቀት ልፈትነው ተቀመጥኩ። በአንድ ሊትር 400 ሚሊግራም ጥንካሬ፣ ማለትም የሟሟ ኖራ፣ ያለው ውሃ እንውሰድ፤ በካልሲየም ካርቦኔት የተሰላ። በአንድ ሜትር ኩብ 400 ግራም ኖራ፣ በሞል (ኬሚስት ሞለኪውል በሚቆጥርበት መስፈሪያ) ደግሞ 4 ማለት ነው። ካልሲየምን እውነት አንድ ለአንድ የሚይዝ ኬሚካል አለ፤ ኢዲቲኤ። በእሱ ልያዘው ቢባል ለዚያች ሜትር ኩብ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይበላል። በሶፍትነር፣ ኖራውን ከውሃው በሚለይ መሣሪያ፣ አወጣዋለሁ ያለ ደግሞ ሬዚኑን ለማደስ በስሌት ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ፣ በተግባር ከዚያ እጥፍ በላይ የገበታ ጨው ያስፈልገዋል።

ሻጩ ያዘዘልን መጠን በሜትር ኩብ 4 ግራም ነበር።

የጠርሙሱ ነገር ፖሊአክሪሊክ አሲድ ነው፤ ፖሊመር ነው፣ ማለትም ተቀጣጥሎ የተሠራ ሰንሰለት፤ አጭር፣ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 2,000 አካባቢ። እያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ 28 ገደማ ካርቦክሲል ቡድኖች ተሰድረዋል፤ ካልሲየም የሚወዳቸው አሉታዊ ሙል ያላቸው እጆች ናቸው። 4 ግራሙ በሞል ሲቆጠር 0.002 ነው። እንግዲህ ለአንድ ሰንሰለት ሁለት ሺህ ካልሲየም ይደርሰዋል። ሁለት ሺህ ካልሲየም በ28 እጅ አይያዝም፤ ሁሉም እጅ ቢሠራ እንኳ ከመቶ አንዱን ወይም ሁለቱን ነው የሚይዘው። የተቀረው ካልሲየም ውሃው ውስጥ ልቅ ነው ያለው፣ ከካርቦኔቱ ጋር ጎን ለጎን እየዋኘ፣ እየፈላ። ድንጋይ ለመሆን ምንም የጎደለው ነገር የለም። ግን አልሆነም።

ሻጩ ዋሽቷል አልልም፤ የሰማውን ነው የነገረን። ብዙ የሙያ ሰውም የሚለው እንደዚያው ነው። እኔን ግን ከዚህ በኋላ እንቅልፍ የነሳኝ ጥያቄ ተገለበጠ። ኖራው የትም አልሄደም፤ ታዲያ ምን አስቆመው?

ማዕዘኑ

መልሱ ያለው ውሃው ውስጥ ሳይሆን ክሪስታሉ ገጽ ላይ ነው። ክሪስታል ግንብ እንደሚሠራው ነው የሚያድገው። ግንበኛ ቀጣዩን ብሎኬት የሚያስቀምጠው በተደረደረው ረድፍ ጫፍ፣ ከታችም ከጎንም ተደግፎ በሚቀመጥበት ማዕዘን ላይ ነው። ካልሲየምና ካርቦኔትም ለጥ ያለው ገጽ ላይ ቢያርፉ ተንሸራተው ወደ ውሃው ይመለሳሉ፤ የሚረጉት እርከኑ ጠርዝ ላይ፣ በተለይም ጠርዙ በተሰበረበት ጥግ ነው። ይህን በርተን፣ ካብሬራና ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1951 በሒሳብ አስቀምጠውታል። እንግዲህ ግንቡን ለማስቆም ብሎኬቱን ሁሉ መሰብሰብ አያስፈልግም። ማዕዘኗ ላይ አንድ ሰው ቢቀመጥ ረድፉ ይቆማል።

ፖሊመሩ የሚያደርገው ይህን ነው። ገና ለዓይን የማይታይ የክሪስታል ፍሬ ሲፈጠር ሰንሰለቱ ሄዶ ጠርዙ ላይ በብዙ እጁ ይለጠፋል። አንዱ እጅ ቢላቀቅ ሌሎቹ ይዘውታልና ሰንሰለቱ በቀላሉ አይነሳም፤ ትንንሽ ሞለኪውሎች የሚበለጡት እዚህ ላይ ነው። እርከኑ በሁለት የተለጠፉ ሰንሰለቶች መሐል ሾልኮ ለማለፍ ይሞክራል፣ ጠርዙ ይጎብጣል። ክፍተቱ ከተወሰነ ልክ ከጠበበ የጎበጠው ጠርዝ ከሚገነባው ይልቅ የሚሟሟው ይበዛና እድገቱ ይቆማል። ካብሬራ ከቨርሚልያ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1958 ያቀረበው ሐሳብ ነው። የክሪስታሎቹ ፍሬ ገና ትንሽ፣ ገጻቸውም ጠባብ በሆነበት ሰዓት ስለሚደረስባቸው ነው 4 ግራም የሚበቃው። አድገው ቱቦው ላይ ከተጋገሩ በኋላ ያንኑ ፖሊመር በባልዲ ብታፈስበት ብዙም ለውጥ አይኖረውም።

ይህን ያገኘው ሰው ኖራ የሚያስቸግረው የቦይለር ባለሙያ ቢሆን ደስ ባለኝ። ነገሩ የተጀመረው ግን ካሊፎርኒያ እርሻ ላይ ነው። በ1930ዎቹ አሞኒያን ከመስኖ ውሃ ጋር ቀላቅሎ ማዳበሪያ ለማድረግ ሲሞከር ውሃው አልካላይን እየሆነ ኖራው ቦዩንና ማፍሰሻውን ይደፍን ነበር። ሮዘንስታይን የተባለ ኬሚስት ጥቂት ሚሊግራም ሄክሳሜታፎስፌት የሚባል ፖሊፎስፌት ሲጨምርበት ዝቃጩ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የባለቤትነት መብት ወጣለት። ከሦስት ዓመት በኋላ ሃችና ራይስ ነገሩ የሚሆነው ፎስፌቱ የክሪስታሉ ገጽ ላይ ስለሚለጠፍ መሆኑን ጻፉ። እንደ እኛ ጠርሙስ ያሉት አክሪሊኮችና ዘመዶቻቸው ማሌይኮቹ የመጡት ኋላ ነው፤ ፖሊፎስፌት ሙቀት ሲበረታበት እየተሰባበረ ራሱ ካልሲየም ፎስፌት የሚባል ሌላ ስኬል ስለሚያመጣ።

ከሁሉም ያሳቀኝ ግን ድንቹ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ሞተር ሠራተኞች ቦይለር ውስጥ ድንች ይጥሉ ነበር፤ የኦክ ቅርፊት የሚጥሉም ነበሩ። ስታርችና ታኒን መሆናቸው ነው፤ ረጃጅም ሞለኪውሎች። ኖራው በድንጋይ ፈንታ ጭቃ ሆኖ እየወረደ በማፍሰሻው ይወጣላቸዋል። ይህን ለኦፕሬተራችን ስነግረው፣ አባቱ ሼመንደፈር፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ነበርና ወሬው አዲስ አልሆነበትም። «ታዲያ ሻጩ ድንች ነው የሸጠልን?» አለ። ሰምቼ ከጨረስኳቸው ማብራሪያዎች ሁሉ ይህ ይሻላል።

መደርደሪያው ላይ የቀረው ቢከር

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላም ቢሆን የሚጎድል ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር። የጎደለውን ያሳየኝ ንጹሁ ቢከር ነው። የሙከራው ዕለት ሳልደፋው በወረቀት ሸፍኜ ላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ነበር። መሐል ላይ የአረፋ በዓል መጣ፣ ከተማው ተዘጋ፣ እኔም ቤተሰብ ጋ ሄድኩ። ስመለስ አቧራ ላራግፍ ብዬ ሳነሳው ታቹ ላይ ነጭ ነገር አየሁ።

ጣቴን ሰድጄ ጠረግኩት። እንደ ዱቄት ተጠረገ። የጎረቤቱን ቢከር ቅርፊት በጥፍሬ ብሞክረው ደግሞ ንቅንቅ የለም። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ስር አስገባሁ። ያልታከመው ውሃ ክሪስታሎች ጥርት ያሉ፣ ጎናቸው የተሳለ፣ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ ትምህርት ቤት የምናውቀው ካልሳይት። የታከመው ውሃ ክሪስታሎች የተወላገዱ፣ ጠርዛቸው የዶለዶመ፣ እያንዳንዱ ለየብቻው የተበተነ ነው። ሰንሰለቶቹ የተለጠፉበት ጎን ሳያድግ ቀርቶ ሌላው ጎን ሄዷል። አንዱ ከሌላው ጋር አልተጋገረም፤ ከመስታወቱም ጋር አልተጣበቀም።

ኦፕሬተሩን ጠራሁት። «ይኸውልህ ኖራህ» አልኩት።

አየው። «እንግዲያው አልሄደም።»

«አልሄደም። ዘገየ እንጂ።»

«ስንት ሰዓት ያዘገየዋል?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የዞረልኝ። ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩኝ የነበረው ሚዛን ነው፤ ይሟሟል ወይስ አይሟሟም፣ ከልክ አልፏል ወይስ አላለፈም። ላንግሊየር እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው መለኪያ እስካሁን በየፋብሪካው የሚሠራበት ያንን ስለሚናገር ነው፤ ውሃው ኖራ ለመጣል ምን ያህል እንዳሰበ ይነግራል። መቼ እንደሚጥል ግን አይነግርም። ፖሊመሩ የውሃውን ሐሳብ አላስቀየረውም። የመጨረሻው ውጤት ያው ነው፤ ድንጋይ። የተለወጠው መቼ የሚለው ነው፣ ደግሞም ምን ዓይነት ድንጋይ የሚለው። ለፋብሪካ ደግሞ ዘላለም አያስፈልገውም። ውሃው ቱቦው ውስጥ እስካለ ድረስ ብቻ ንጹህ ሆኖ ይቆይ እንጂ ከወጣ በኋላ የራሱ ጉዳይ ነው።

ኦፕሬተሩ ያነሳው የሰዓት ጥያቄ ለቢከር ሳይሆን ለፋብሪካችን ኩሊንግ ታወር፣ ለማቀዝቀዣው ማማ፣ መልስ እንዳለው ያየነው ያን ቀን ነው። ታወሩ ውሃ በማትነን ነው የሚያቀዘቅዘው፤ የሚተነው ንጹህ ውሃ፣ የሚቀረው ኖራ ነው። ስለዚህ የቀረው ውሃ ከልክ በላይ እንዳይወፍር ጥቂቱ ሁልጊዜ ይደፋል፤ ብሎውዳውን እንለዋለን። በሰዓት 10 ሜትር ኩብ የሚተንበትን ታወር ላስላ። ውሃው ሁለት እጥፍ ሲወፍር የሚደፋ ከሆነ በየሰዓቱ ሌላ 10 ሜትር ኩብ ይፈሳል፤ አምስት እጥፍ እስኪወፍር መታገስ ከተቻለ የሚፈሰው 2.5 ብቻ ነው። ከጉድጓድ የሚሳበው ውሃ ከ20 ወደ 12.5 ይወርዳል። ድሬ ውስጥ፣ ሰፈር ውሃ በወረፋ በሚጠብቅበት ከተማ፣ ፖሊመሩ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው እንጂ ከአሲድ እጥበት በሚተርፈው ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ግን ደግሞ ተመልከቱ። ሲስተሙ 60 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል እንበል። በሰዓት 10 ሲደፋ ውሃው በአማካይ 6 ሰዓት ይቆያል፤ 2.5 ሲሆን 24 ሰዓት። ኖራው አምስት እጥፍ ወፈረ፣ የሚቆይበትም ጊዜ አራት እጥፍ ረዘመ። ፖሊመሩ የሚያዘገይበት ሰዓት ውሃው ከሚቆይበት ካነሰ ስኬሉ ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ሙያው በሙሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ሰዓቶች መሐል ነው። «ስንት ጠብታ ልጨምር?» ብሎ የሚጀምር ሰው ከመሐል ነው የጀመረው፤ ውሃው እቤቱ ስንት ሰዓት እንደሚያድር መጀመሪያ ይወቅ።

«ትንሽ ከሠራ ብዙ ይበልጥ ይሠራል» የሚልም አለ። ሲበዛ ማር ይመርራል። ካልሲየም በበዛበት ሙቅ ውሃ ላይ ፖሊአክሪሌት ከልክ ሲያልፍ ሁለቱ ተያይዘው ካልሲየም ፖሊአክሪሌት የሚባል ዝቃጭ ይሆናሉ። ስኬል ልትከላከል የገዛኸው ነገር ራሱ ስኬል ይሆናል፣ ያውም በገንዘብህ።

ምራቅና የባህር ውሃ

አንዴ ዓይን ከገባ ነገሩ በየቦታው መታየት ጀመረ። ድሬ ውስጥ ውሃው ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይሠራል የሚል ወሬ ከጥንት አለ፤ ማንቆርቆሪያውን አይቶ የራሱን ሆድ የማያስብ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ጣሪያ የለም። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠርም ካልሲየም ኦክሳሌት ነው እንጂ የማንቆርቆሪያው ካልሲየም ካርቦኔት አይደለም። ድሬን ለሚያክል ሙቀት ይልቅ የሚያሰጋው ውሃ ሳይጠጡ መዋል፣ ሽንት መወፈር ነው። የሚደንቀው ግን ሌላ ነው። የጤነኛ ሰው ሽንት ራሱ ብዙ ጊዜ በካልሲየም ኦክሳሌት ከልክ ያለፈ ነው፤ በሚዛኑ ሕግ ሁላችንም ጠጠር ልንሠራ ይገባን ነበር። ሲትሬትና የተወሰኑ ፕሮቲኖች ያዘገዩታል፣ እስከዚያው እንሸናዋለን። ሐኪም ሲትሬት ላነሰው ሰው ፖታሲየም ሲትሬት የሚያዝለት ለዚህ ነው።

ምራቅም እንደዚያው ነው። የጥርስ ማዕድን የሆነው ካልሲየም ፎስፌት ምራቅ ውስጥ ከልክ በላይ ሟሟቶ ይኖራል፤ ለጥርሱ ጥሩ ነው፣ ጥርሱ እንዳይሟሟ ይጠብቀዋል። አፋችን በድንጋይ የማይሞላው ስታተሪን የሚባል 43 አሚኖ አሲድ ያለው ፕሮቲን ስላለ ነው። አሲዳማ ጫፍ አለው፤ ክሪስታሉ ገጽ ላይ ይለጠፋል። እንግዲህ ሻጩ ሲመጣ ሁላችንም አፋችን ውስጥ ይዘነው ቆመናል።

ጅዳ ያለችው እህቴ በቪዲዮ ስንደዋወል ማንቆርቆሪያዋን ታሳየኛለች፤ ውስጡ ያበራል። «እናንተ በተራራ ውሃ፣ እኔ በባህር ውሃ ሻይ እናፈላለን፣ የማን ነው የሚያምረው?» ትለኛለች። ቀልድ አይደለም፤ ጅዳና መካ ለዓመታት የጠጡት ሹዐይባ ላይ ከቀይ ባህር ተጣርቶ የሚመጣውን ውሃ ነው። የባህር ውሃ እያፈሉ ማጣራት ማለት ስኬልን በገዛ እጅ መጥራት ነው። የመጀመሪያዎቹ ፋብሪካዎች በፖሊፎስፌት ሲሠሩ ከ90 ዲግሪ ገደማ በላይ መውጣት አይችሉም ነበር፤ አለዚያ አሲድ ማፍሰስ ነበረባቸው። ፖሊማሌይክ አሲድ ሲመጣ እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ ሄዱ። ሃያ ዲግሪ ማለት ከአንዱ ፋብሪካ የሚወጣ ተጨማሪ ውሃ ማለት ነው። ዛሬ ብዙው በግፊት ወደሚያጣራው ሜምብሬን ዞሯል፤ እዚያም ሜምብሬኑ እንዳይደፈን እነዚሁ ፖሊመሮችና ዘመዶቻቸው ከፊት ለፊት ይጨመራሉ። በባህረ ሰላጤው አገሮች ያሉ እህቶቻችን የሚያፈሉት ሻይ ጀርባ ይህ ሁሉ አለ።

ቱርክ ኪዝልደሬ ላይ ከመሬት በታች በሚወጣ ሙቅ ውሃ መብራት ማመንጨት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ውሃው ወደ ላይ ሲመጣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያመልጣል፣ ካልሳይቱ ጉድጓዱን ራሱን ይደፍነዋል። በየጊዜው በመሰርሰሪያ መልሶ መክፈት ነበር ሥራቸው። ዛሬ በእንዲህ ዓይነት ጉድጓዶች ቀጭን ቱቦ ወደ ታች ይሰደድና ፖሊመሩ የሚረጨው ውሃው መፍላት ከሚጀምርበት ጥልቀት በታች ነው። ከላይ ቢጨምሩት ዘግይቷል። ስምጥ ሸለቆአችን ላይ ለሚቆፈሩት ጉድጓዶች የሚያስብ ሰው ይህን ልብ ይበል።

ወዴት ይወርዳል?

የኦፕሬተሩን ጥያቄ ሳስበው፣ «እንዴት ሠራ?» አላለም። ሁላችንም የምንጠይቀው እሱን ነው፤ ሻጭም የሚዘጋጀው ለእሱ ነው። «የት ሄደ?» ነው ያለው። ስኬሉ ቱቦአችን ላይ ሲጋገር የእኛ ችግር ነበር። አሁን በብሎውዳውኑ ወፍሮ፣ ከነፖሊመሩ፣ ከግቢ ይወጣል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ባለበት ከተማ ከግቢ የሚወጣ ውሃ የሚቀላቀለው ብዙ ውሃ የለውም።

ፖሊአክሪሌት መርዛማ ነው እያልኩ አይደለም፤ መርዛማነቱ ዝቅተኛ ነው፣ ጭቃና ደለል ላይ እየተለጠፈም ይቀራል። ችግሩ ባክቴሪያ በቀላሉ አይበላውም። የካርቦን ሰንሰለቱ ለመበጠስ ያስቸግራቸዋል። ሌሎቹ የስኬል መከላከያዎች፣ ፎስፎኔቱና ፖሊፎስፌቱ፣ በበኩላቸው ፎስፈረስ ይዘው ነው የሚሄዱት፣ አልጌ የሚወደው። ብዙ የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ ፎስፌት ሲቀነስ በቦታው የገቡት እኮ የአክሪሊክና የማሌይክ ፖሊመሮች ናቸው፤ ነገሩ የእኛ ፋብሪካ ብቻ ጣጣ አይደለም።

አማራጩ አለ። ፖሊአስፓርቴት ይባላል፤ ከአስፓርቲክ አሲድ የሚሠራ ሰንሰለት፣ ቀንድ አውጣና ኦይስተር ዛጎላቸውን ሲቀርጹ የሚጠቀሙባቸውን አሲዳማ ፕሮቲኖች ዘመድ። ባክቴሪያ ይበላዋል። ዶንላር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በብዛት የሚመረትበትን መንገድ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1996 የፕሬዚዳንቱን የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት አግኝቶበታል። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶም ርካሹን አክሪሊክ አላስወጣውም፤ ባክቴሪያ መብላቱ ራሱ ታወር ውስጥ ችግር ይሆናል፣ ሳይወጣ ሊበላ ይችላልና። ማግኔት ቧንቧ ላይ አስረን ኖራውን እናባርርላችኋለን የሚሉም ይመጣሉ፤ እነሱን ሁለት ቢከር አምጡ እላቸዋለሁ፣ አይመለሱም።

እኔ የደረስኩበት እዚህ ነው። አክሪሊኩን አላስቆምኩም፤ በሰዓት ሰባት ሜትር ኩብ ተኩል ውሃ ከጉድጓድ እንዳይሳብ የሚያደርግ ነገር ዝም ተብሎ አይጣልም። ግን መጠኑን ከሻጩ ሠንጠረዥ ሳይሆን ከውሃው ማደሪያ ሰዓት ተነስተን ዝቅ አደረግነው፣ ቱቦው ውስጥም የመፈተሻ ብረቶች ሰቅለን እያወጣን እናያለን። ብሎውዳውኑ ከመውጣቱ በፊት ኖራውን የሚጥልበት ገንዳ እንዲሠራ ጠይቄአለሁ። በትንሿ ታወር ላይ ደግሞ ፖሊአስፓርቴቱን እንሞክር ብያለሁ። ኦፕሬተሩ ደግፎኛል። ፋይናንስ ክፍሉ የሚጠይቀኝ የኪሎውን ዋጋ ነው፤ እኔ የማቀርብለት የሜትር ኩቡን፣ የምንደፋውን ጨምሮ። እስካሁን አልተስማማንም።